ወፏን ከመክሰሳችን በፊት



ባለፈው ሰሞን በሻይ ቤቱ በር ላይ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንደኛው ወገን «የባሕርና የሐይቅ ወፍ ሁሉ የበሽታ ከረጢት ነው፤ ወደ መንደር ሲጠጋ በድንጋይም በመርዝም ማባረር ነው» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ «ተዉን እባካችሁ! ወፍ ምን ያመጣል? የሬድዮ ወሬ ነው» ሲል መለሰ። ሁለቱም ተሳሳቱ ባይ ነኝ። ስሕተቱ የሻይ ቤት ስሕተት ሆኖ ቢቀር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም ወገን ነገ ጠመኔ ይዞ በልጆች ፊት የሚቆም ነው። የእኛ ስሕተት የአንድ ሰው ስሕተት ሆኖ አይቀርም፤ በየቤቱ ይገባል።

በመጀመሪያ «ወሬ ነው» ላለው ጓደኛችን ልመልስ። የባሕር ዳርቻ ወፎች በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና ጥገኛ ትሎች እንዳሉባቸው የተረጋገጠ ነው። በሆዳቸው ውስጥ የኮሶ ትል ዘመዶችና ድቡልቡል ትሎች ይኖራሉ፤ በላባቸው ሥር ቅማልና መዥገር ይገኛል፤ በአንጀታቸው እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች ይኖሩ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ስሙ የገነነው ግን የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በደቡብ አፍሪቃ ዳርቻ ተርን የሚባሉ ቀላል የባሕር ወፎች ከሺህ በላይ ሆነው ሞተው ተገኙ። ከሬሳቸው የተገኘው ቫይረስ ከዱር ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተለየ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሆነ። እንግዲህ ነገሩ ከስድሳ ዓመት በፊት በዚሁ በአህጉራችን የታወቀ ነው፤ የትናንት ወሬ አይደለም።

ታዲያ «ማባረር ነው» ያለው ጓደኛችን ልክ ነው ማለት ነው? በፍጹም። ዛሬ ዓለምን ያስጨነቀው ኤች5ኤን1 የተባለው ቫይረስ ከየት ተነሣ ብለን እንጠይቅ። የዛሬው ዘር መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 በቻይና፣ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ሰው ከሚያረባው ዝይ ላይ ነው። በዓመቱ በሆንግ ኮንግ 18 ሰዎች ታመው 6ቱ ሞቱ፤ የከተማይቱም ዶሮ ሁሉ እንዲታረድ ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ ላይ ስድስት ሺህ ያህል የዱር ወፎች በዚሁ ቫይረስ አለቁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2006 ደግሞ ወደ አፍሪቃ ገብቶ መጀመሪያ የተገኘው በናይጄሪያ፣ በአንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ ነበር።

የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። በዱር ዳክዬዎች አንጀት ውስጥ ለረጅም ዘመን የኖረው ቀላሉ ቫይረስ ወፎቹን እምብዛም አያሳምማቸውም ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች በአንድ ጣራ ሥር ታጭቀው ሲያገኘው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት እየተላለፈና እየተለዋወጠ ገዳይ ሆነ። ገዳዩ ዘር ተመልሶ ወደ ዱር ወፍ ገባ። ከዚያ በኋላ የዱር ወፏም ይዛው መብረሯ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን የታመመ ዶሮ ንግድ፣ ያልታጠበ ቅርጫትና የጭነት መኪናም አብረው አጓጉዘውታል። ወፏን ብቻ ከሳሽ ፊት ማቆም ፍርደ ገምድልነት ነው።

የከፈለችውን ዋጋም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በሴኔጋል ጁጅ የወፎች ፓርክ 750 ፔሊካኖች ሞተው ተገኙ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በደቡብ አፍሪቃ ምዕራባዊ ኬፕ ዳርቻ ኮርሞራንት የሚባሉት ጥቁር ዓሣ አጥማጅ ወፎች ከሃያ ሺህ በላይ አለቁ። ይህ ወፍ ከደቡባዊው አፍሪቃ ዳርቻ በቀር የትም የማይራባ፣ አስቀድሞም ቁጥሩ ያሽቆለቆለ ዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 በፔሩ ዳርቻ ፔሊካኖች በአሥር ሺዎች፣ የባሕር አንበሶች በሺዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ቫይረሱ የደቡብ ዋልታ አካባቢ ደሴቶችን ነካ። ቤት ያቃጠለ እሳት ወደ ጫካ ሲዛመት የሚወቀሰው ጫካው ነውን?

ሌላም አለ። በብዙ አገር የባሕር ዳር ከተሞች ጋል የተባሉት ነጭ ወፎች በቆሻሻ ክምርና በፍሳሽ መውረጃ ላይ ይመገባሉ። ተመራማሪዎች ኩሳቸውን ሲመረምሩ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች አገኙ። ወፏ አንቲባዮቲክ አልገዛች፣ አልዋጠች! ያገኘችው ከእኛ ቆሻሻ ነው።

«አገራችን የባሕር ዳርቻ የላት፣ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አይጠፋም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን በመስከረም አካባቢ ከኤውሮፓና ከእስያ ለሚመጡ ወፎች መንገድም ማረፊያም ናቸው። ከባሕር ዳርቻ ወፎች ጋር ዘመድ የሆኑት ፔሊካንና ኮርሞራንት በዝዋይም በሐዋሳም ዓመቱን ሙሉ ይታያሉ። በሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳ እንደ ሽማግሌ ቆሞ የዓሣ ሆድዕቃ ሲጠብቅ ያውቀዋል። እዚያው ስፍራ አንድ ሙሉ የባዮሎጂ ትምህርት አለ። ኮንትራሲከም የሚባለው ትል በፔሊካንና በኮርሞራንት ጨጓራ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በኩስ ወደ ውሃ ይወርዳል፤ እጩን ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ይውጡታል፤ እነርሱን ዓሣ ይበላል፤ ዓሣውን ደግሞ ወፍ ይበላና ዑደቱ ይዘጋል። ይህ ትል በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዓሣ ላይ ተገኝቷል። የዚህ ዓይነት ትሎች ጥሬ ዓሣ በመብላት ወደ ሰው የሚገቡበት ጊዜ ጥቂት ቢሆንም አለ። መፍትሔው ወፍ መግደል ሳይሆን ዓሣውን ማብሰል ነው። እኛ ግን የትል ዑደት ስንማር ከጥቁር ሰሌዳ ገልብጠን፣ ለፈተና ሸምድደን፣ በማግሥቱ እንረሳዋለን። መምህራኖቻችንም አይቀየሙኝ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ትል ከየትኛው ሐይቅ እንደሆነ ሲነገረን አልሰማሁም።

ዕውቀት የሌለበት ፍርሃት ምን እንደሚያደርስ ደግሞ አይተናል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ የዶሮ እርባታ ዶሮዎች በብዛት ሞተው የወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነው የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ምርመራው ሲመጣ እርሱ እንዳልሆነ ታወቀ። ከዚያ በፊት ግን ወሬው ገበያውን አዳርሶት የዶሮና የእንቁላል ዋጋ ወድቆ ነበር። በየገጠሩ ዶሮ የማን ሀብት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ የእናቶቻችን ነው። የጨውና የደብተር መግዣ እንቁላል በቅርጫት ይዘው ሄደው ይዘው የተመለሱት እነርሱ ናቸው። በዚያን ጊዜ በየቀበሌው ነገሩን አጥርቶ የሚያስረዳ አንድ መምህር ቢኖር ጉዳቱ በቀነሰ ነበር።

«ሕፃን ልጅ ይህን ሁሉ አይረዳም፤ ወፍ ፈርቶ ቢርቅ ይበቃል» የሚለውን አስተያየትም ሰምቻለሁ። ለልጅ ጥንቃቄ ማስተማር ተገቢ ነው። ቫይረሱ የዋዛ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዓለም ላይ ከ900 በላይ ሰዎች በኤች5ኤን1 መያዛቸው ሲመዘገብ ግማሽ ያህሉ ሞተዋል፤ አብዛኞቹም የታመመ ወይም የሞተ የቤት ዶሮ የነኩ ናቸው። ነገር ግን በፍርሃት ብቻ የተማረ ልጅ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንድም የወፏን ጎጆ ያፈርሳል፤ በድንጋይ የተበተነ መንጋም ሌላ ሐይቅ ሄዶ ያርፋል፤ በሽታ ካለበት ይዞት ይሄዳል። አለዚያም የዱር ወፍን ፈርቶ ጓሮው ውስጥ የሞተችውን ዶሮ ላባ እየነጨ ይጫወታል። እውነተኛው አደጋ ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ መምህር ለልጆች ሊያስተምር የሚገባው፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህ ነው፦

አንደኛ፣ የሞተም ሆነ የታመመ ወፍ በእጅ አይነካም። ሳይታወቅ የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ሁለተኛ፣ ብዙ ወፍ ወይም ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲሞት ለመምህር፣ ለወላጅ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። በመንደራችን ዶሮ የሚፈጀው ብዙውን ጊዜ ፈንግል ነው፤ ለፈንግል ደግሞ ክትባት አለው። ይህንን ለይቶ የሚያውቀው ግን ባለሙያ እንጂ ወሬ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የሞተ ዶሮ አይታረድም፣ አይበላም፣ ወደ ወንዝ አይጣልም። የጤነኛው ሥጋና እንቁላል በደንብ ይብሰል፤ ቫይረሱ በ70 ዲግሪ ሙቀት ይሞታል።

አራተኛ፣ የዱር ወፍ አይገደልም፣ አይመረዝም። ዓሣ ተበልቶ ሆድዕቃው ሜዳ ላይ አይጣል፤ ቆሻሻ ሐይቅ ዳር አይከመር።

ይህን ለማስተማር ላቦራቶሪ የለንም ብለን ማላከክ አንችልም። ጠመኔና አንድ ዓሣ ይበቃል። ዓሣውን ከገበያ ገዝቶ፣ ሆዱን ከፍቶ፣ ትል ቢገኝ ማሳየት፣ ባይገኝም ዑደቱን በሰሌዳ መሳል ነው። የሳይንስ ክበባችን በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ቢመድብ፣ መምህራኖቻችንም ተመልክተው ቢያርሙን መልካም ይመስለኛል። በሻይ ቤት በር የተከራከሩት ሁለቱ ጓደኞቼ ትምህርቱን አብረው እንዲያዘጋጁ እጠይቃለሁ። ክርክራቸው እዚያ ላይ ቢፈታ ከሁላችንም በላይ የሚጠቀሙት ነገ የሚያስተምሯቸው ልጆች ናቸው።

የተለየ አስተያየት ያለው ወረቀቱን አምጥቶ ከዚሁ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ። እኔም አነባለሁ።

ከአንድ የባዮሎጂ ዕጩ መምህር