የቤት ጠላቱ ውኃ ነው

ምግብ፥ ልብስና መጠለያ ለሰው ልጅ ኑሮ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ተምረናል። ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብዙ ሲነገር፥ ስለ ቤቱ የውጭ ግድግዳ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። የብዙዎቻችን ወላጆች ቤት የቆመው በእንጨትና በጭቃ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለክቡራን አንባቢያን ለማቅረብ ወደድሁ።

ብዙ ሰዎች «የእንጨት ቤት ዕድሜ የለውም» ይላሉ። ነገር ግን በላስታ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንጨትና የተለሰነ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠራ ሲሆን፥ ከ800 ዓመት በላይ ቆሞ ይኖራል። ለዚህም አንዱ ትልቅ ምክንያት በዋሻ ውስጥ በመሠራቱ ዝናም በቀጥታ የማይመታው መሆኑ ነው። እንጨት ከውኃ ከተጠበቀ ዕድሜው ረጅም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ውኃ ደግሞ እያሳሳቀ የሚወስድ ጠላት ነው። በክረምት ከጣራ የሚወርደው ዝናም መሬት ነክቶ እየተፈናጠረ የግድግዳውን እግር ያርሳል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፤ የተጋለጠው እንጨትም ይበሰብሳል። እርጥበት ባለበት ምስጥ አይጠፋም። ጥድና ወይራ ምስጥን ሲቋቋሙ፥ ዛሬ በብዛት የምንሠራበት ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ይበላል። ምስጥ ብርሃን ስለማይወድ ከመሬት ተነሥቶ ራሱ በሠራው የጭቃ መተላለፊያ ተሸሽጎ ይወጣል። በግድግዳ ሥር አፈር መከመርና ማገዶ መደርደር እንግዲህ ለእርሱ መንገድ መጥረግ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ያረጀውን ቤት ለማሳመር ሲሉ ውጭውን በሲሚንቶ ያስለስናሉ። ከሩቅ ሲያዩት የብሎኬት ቤት ይመስላል። እኔ ግን ይህን አልደግፍም። እንጨት ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ጭድ ያለበት ጭቃ ይህን ሲችል፥ ሲሚንቶ ግን ግትር ስለ ሆነ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ አጥቶ ውስጥ ይቀራል፤ ውጭው አምሮ ሳለ ውስጡ ይበሰብሳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

የሚሻለው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የጣራው ክፈፍ ከግድግዳው ራቅ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ፥ ከተቻለም አሸንዳ መግጠም፤ ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ የውኃ መሄጃ ቦይ መቆፈርና በግድግዳው ሥር የተከመረውን ሁሉ ማንሣት፤ ከዚያም የበሰበሰውን እንጨት ቆርጦ በደረቅ እንጨት መተካት ይገባል። በመጨረሻም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት በተብላላ ጭቃ መርጎ፥ ሲደርቅ ኖራ መቀባት ነው። ቦዩን ትቶ ምርጊቱን ማስቀደም ድካም ብቻ ነው። ሥራውም በበጋ ይሁን፤ ክረምት ከገባ በኋላ የተመረገ ጭቃ አይደርቅምና።

«የጭቃ ቤት የድኅነት ምልክት ስለ ሆነ በእርሱ መድከም አይገባም» የሚሉ ይኖራሉ። አቅም ያለው ሰው በድንጋይ ወይም በብሎኬት ቢሠራ የሚጠላ የለም። ዳሩ ግን ነገ እሠራለሁ እያሉ ዛሬ የሚያድሩበትን ቤት ለዝናም አሳልፎ መስጠት ብልኅነት አይደለም። ግድግዳ አንድ ጊዜ ካዘመመ በኋላ ቤቱን ለማቆም የሚወጣው ገንዘብ ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች! ይህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ደግሞ በእጃችን አለ። በየዓመቱ በበጋ ሁለት ቅዳሜ ብንሰጥ የወላጆቻችንን፥ ጧሪ የሌላቸውንም ጎረቤቶቻችንን ቤት ከክረምት ልንታደግ እንችላለን። መምህራኖቻችንም ሥራውን እንዲመሩልን በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ሰኔ ሳይደርስ እንነሣ።