ዓይንህን ተወው፣ አውራ ጣትህን ጠይቅ

«የሰው ዓይን እኮ በሰከንድ ከ24 ፍሬም በላይ አያይም!»

ይህችን አባባል ያልሰማ ጌም ወዳጅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ፕሌይስቴሽን ቤት ሰምተናታል፣ ካፌ ውስጥ ሰምተናታል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ሊያሻሽጠን ከሚፈልግ ደላላም ሰምተናታል። ተናጋሪው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ይልና የዓይን ሐኪምን በሚያስንቅ እርግጠኝነት «30 ሆነ 60 ምን ልዩነት አለው? ዝም ብላችሁ ነው የምትቀብጡት» ይለናል። እንግዲህ ዛሬ ከእኚህ ሐኪም ጋር ልንጨቃጨቅ ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነበት ሰው ባጭሩ እንበለው። ጌም ስክሪን ላይ የሚንቀሳቀስ ይመስላል እንጂ የቆሙ ሥዕሎች ሰልፍ ነው። አንዷ ሥዕል ፍሬም ትባላለች፤ በአንድ ሰከንድ ስንት ሥዕል ያልፋል የሚለው ደግሞ ፍሬም ሬት ነው። በ30 ሲሄድ አንዷ ሥዕል 33 ሚሊሰከንድ ገደማ ትቆያለች፤ በ60 ወደ 17፣ በ120 ደግሞ ወደ 8 ዝቅ ትላለች። ጠቡ ሁሉ በእነዚህ ጥቃቅን ቁጥሮች ላይ ነው።

ለመሆኑ 24 ከየት መጣ? ከዓይን ሐኪም ቤት እንዳይመስላችሁ፣ ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር፣ ድምፁ እንዳይዛባ አንድ ቋሚ ፍጥነት አስፈለገ። 24 ድምፁን በወጉ የሚያሰማ፣ የፊልም ጥቅሉንም ከልክ በላይ የማያስፈጅ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። የኪስና የድምፅ ስምምነት ነው እንጂ የዓይን ጣሪያ አይደለም! በዚያ ላይ ካሜራ የሚሮጠውን ሰው በትንሹ አደብዝዞ ነው የሚቀርጸው፤ ያቺ ብዥታ ናት አንዱን ሥዕል ከሌላው አያይዛ ፊልሙን የምታለሰልሰው። የጌም ሥዕል ግን ሠሪዎቹ ሆን ብለው ካላደበዘዙት በቀር ጥርት ያለ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ መዝለሉ ፍንትው ብሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ደግሞስ ዓይናችን ከ24 በላይ የማያይ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ሆቢት» በ48 ፍሬም ሲታይ ያ ሁሉ ተመልካች ምን አይቶ ነው «የቴሌቪዥን ድራማ መሰለብን» ብሎ የተንጫጫው? ወደዱትም ጠሉትም አይተውታል ማለት ነው። ሐኪማችን እዚህ ላይ ዝም ይላሉ።

እሺ፣ ዓይንን እንተወው። ትልቁ ስህተት ጥያቄው ራሱ ነው። ፊልም ይታያል፤ ጌም ግን ይጫወቱታል። ቁልፉን ስትጫኑ ጌሙ ትእዛዛችሁን ይቀበላል፣ ያሰላል፣ ከዚያ መልሱን በምትመጣዋ ሥዕል ላይ ያሳያችኋል። ሥዕሏ ከዘገየች መልሱ ዘገየ። ስለዚህ ፍሬም ሬትን ቀድሞ የሚያውቀው ዓይን ሳይሆን አውራ ጣት ነው። ከኋላ ቆሞ የሚያየው ሰው «ምንም ልዩነት የለውም» ቢል አይገርመንም፤ እሱ እየተጫወተ አይደለማ!

በቀደም አንዱን ተከራካሪ ወዳጃችንን ኮምፒውተር ላይ ፊፋ አስጀመርነው። ፊፋ በኮምፒውተር ሲሆን 30 ወይም 60 ላይ የመቆለፍ ምርጫ አለው። ሳንነግረው ሁለት ጨዋታ በ60 አጫወትነውና ሦስተኛውን 30 ላይ ቆለፍነው። አምስት ደቂቃ አልሞላውም፣ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ መታ መታ አድርጎ «ይሄ ነገር ባትሪው አለቀ እንዴ?» አለ። ዓይኑ ምንም አላየም። ጣቱ ግን ክስ መሥርቷል… ያውም በንጹሕ ጆይስቲክ ላይ።

ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ያለውን ፊፋም ልብ በሉት። ጨዋታው በ60 ይሄዳል፤ ጎል ገብቶ ሪፕሌይ ሲታይ ወደ 30 ይወርዳል። ቁጠባው የት ላይ እንደተደረገ አያችሁ? እጃችሁ ሥራ በፈታበት ሰዓት!

ስትሪት ፋይተር የሚጫወቱትማ ጊዜ የሚቆጥሩት በፍሬም ነው። በስትሪት ፋይተር 6 ፈጣኗ ተራ ቡጢ 4 ፍሬም ትወስዳለች፤ በ60 ሲሰላ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ነው። እዚህ ሰፈር ሄዶ «ፍሬም አይታወቅም» ማለት ሚዛን የያዘ ወርቅ ሻጭ ፊት «ግራም አይታወቅም» እንደማለት ነው።

የእኛን ወሬ የማያምን ሌሎች ሰዎችን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የዎርሴስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ማርክ ክሌይፑልና ባልደረቦቹ በተኩስ ጌም ላይ ፍሬም ሬቱንና ሪዞሉሽኑን እየቀያየሩ ሰዎችን ፈትነው ነበር። የተጫዋቹን ውጤት በእጅጉ የሚወስነው ፍሬም ሬቱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የሶኒው ማርክ ሰርኒ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮን ሲያስተዋውቅ፣ ተጫዋቾች በምስል ውበትና በፍሬም ሬት መካከል ምረጡ ሲባሉ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ያህል ፍሬም ሬቱን እንደሚመርጡ ተናግሯል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ እየቀበጠ ነው?

ፍርደ ገምድል ላለመሆን ያህል፣ ሐኪማችን ልክ የሆኑበትም ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዜልዳው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» በ20 ፍሬም ይሄድ ነበር፤ ሆኖም እስከ ዛሬ ከምርጦቹ ተርታ ይጠራል። ቼዝና ካርታ ለሚጫወት ሰው 30 ሞልቶ ይተርፈዋል። ያልተቆራረጠ 30ም ከ60 ወደ 35 እየተንሸራተተ ከሚያሳብድ ጌም ይሻላል። ከ30 ወደ 60 ስንወጣ 17 ሚሊሰከንድ እናተርፋለን፣ ከ120 ወደ 240 ግን 4 ብቻ፤ ለዚያች 4 ብሎ የሦስት ወር ደሞዝ የሚያፈሰውን እኛም አንመክረውም። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ፍጥነት በሚጠይቅ ጌም ላይ የ30 እና የ60 ልዩነት ይታወቃል፣ ያውም በደንብ።

«የሀብታም ጭንቀት ነው» የምትሉን ደግሞ እዚህ ላይ ቆዩን። በየሰፈራችን ባሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሕጉ «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። የታክሲውን ሳንቲም ይዞ የገባ ልጅ፣ የሚንቀረፈፍ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ በረኛው ኳሷ መረብ ካረፈች በኋላ ሲወረወርለት ይሸነፋል። «ቆረጠብኝ!» ሲል ይሳቅበታል። «አትችልም፣ ዝም ብለህ ክፈል!» ይባላል። ለዚያ ልጅ ፍሬም ሬት ቅብጠት አይደለም፤ በእግሩ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ምክንያት ነው። እየተሰማው ያለውን ነገር «አይሰማህም» ብሎ ገንዘቡን መቀበል ምን ይባላል?

መፍትሔውም ገንዘብ አይጠይቅም። የኮምፒውተሩ ባለቤት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ጥላውን ያጥፋ፣ ሪዞሉሽኑን ትንሽ ዝቅ ያድርግ፣ አቧራውን ያራግፍ፤ የጋለ ማሽን ይንቀረፈፋልና። የሣሩ ቅጠል ባያምርም ኳሷ በሰዓቷ ትደርሳለች።

ተሸናፊ ይክፈል፣ እሺ። ማሽኑ ሲሸነፍ ግን ባለማሽኑ ይክፈል!