የበረዶ መንገድና የጭቃ መንገድ

ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ስለ ኢትዮጵያ በበረዶ ላይ ሲንሸራተት መንገዱ በመኪና ተደልድሎ ቆይቶት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ክረምት ማለት ጭቃ ነው። ሰኔ ሲገባ ከገጠር ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚያመጣውን የእግር መንገድ ማን ይደለድለዋል? ስሟ «የሰላም መንገድ» በሆነ ከተማ ዙሪያ ዛሬም በባዶ እግሩ ጭቃ የሚያቦካ ልጅ አለ። ቀይ አፈር ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ሲረገጥ ዝሆኔ የሚባለውን የእግር እብጠት ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሞች አረጋግጠዋል፤ መከላከያውም ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚል አይጠፋም። ዝናቡ ግን በጀት እስኪፈቀድ አይጠብቅም። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አካፋ አንሥተን ቦይ እንቅደድ፤ በማጡ ላይ ድንጋይ እንደርድር፤ ስለ ጫማም እናስተምር።