ማንደጃው ከደጅ ይደር



መስቀል አልፎ ደመናው ከተገፈፈ ወዲህ ብርዱ እንደ ልማዱ ከእንጦጦ ወደ እኛ መውረድ ጀምሯል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ምድሪቱ ቀን የያዘችውን ሙቀት ሁሉ ትለቀዋለች። ጥቅምት ገና መጀመሩ ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ከፊታችን አሉ። በዚህ ወራት ከቡና የተረፈውን ፍም ከነማንደጃው አንሥቶ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በየቤታችን የተለመደ ነው። ማኅበራችን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ ሊናገር የፈለገውም ስለዚሁ ማንደጃ ነው።

ባለፈው 2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሰፈራችን በአንድ ግቢ የሆነውን የማያስታውስ የለም። ሁለት ተከራይ ወጣቶች ማታ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ተኙ። ጠዋት ለሥራ አለመውጣታቸውን ያየች ጎረቤት ባትጮህና በሩ ባይሰበር ኖሮ የማኅበሩ ድንኳን በዚያው ቀን ይተከል ነበር። አንደኛው ልጅ ሆስፒታል ብዙ ቀን ተኝቶ ነው የወጣው። እግዚአብሔር አተረፋቸው ብለን አመሰገንን፣ ግን ዘንድሮም ያው ወር እየመጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ሲነድ ጢሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፣ ሳይወዱ በግድ በር ያስከፍታል። ከሰል ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በትንፋሽ ሲገባ በደም ውስጥ የኦክስጂንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። ነቅቶ ያለ ሰው ምልክቱን አይቶ ይወጣ ይሆናል፣ እሱም እግሩ ከታዘዘለት ነው። የተኛ ሰው ግን ምኑንም ሳያውቅ እዚያው ይቀራል።

ብዙ ሰው «እኔ ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጢሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ነው የማስገባው» ይላል። ጢሱ ማለቁ እውነት ነው፤ ጋዙ ግን አላለቀም፣ የቀላው ፍምም ያወጣዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሌሊቱን እንዲቆይ ብሎ አመድ አልብሶ ማሳደር ነው። እሳት አየር ሲያጥረው ይህን ጋዝ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ላቀች ምድጃም ቢሆን ከሰል ይቆጥባል እንጂ ከዚህ አያድንም።

የድሮ ሰው እሳት ዳር ተኝቶ ኖሮ የለም ወይ የሚል ይኖራል። ኖሯል። ቤቱ ግን ሌላ ነበር። የሣር ክዳን ያስተነፍሳል፤ የጭቃውም ቤት ቢሆን በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው፣ ብዙዎቻችን ያደግነው በዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ኮርኒስ አለ፣ የብረት በርና መስታወት አለ። የቀረችውን ቀዳዳ ደግሞ ብርድ አስገባች ብለን በላስቲክና በጨርቅ እንወትፋታለን።

እዚህ ላይ ቤት አከራዮችን ሳንነካ አናልፍም፤ የሚቀየም ካለ ይቀየመን። በግቢው ጥግ ሁለት በሦስት የሆነች ክፍል ሠርቶ፣ መስኮት ሳያወጣላት የሚያከራይ አለ። ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ብዙ ይቆጥራል ተብሎ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይከለከላል። ታዲያ ተከራዩ በምን ያብስል? በምንስ ይሙቅ? ከሰል ይገዛል፣ እዚያችው ያበስላል፣ እዚያችው ይተኛል። ይህን እያየን «ልጆቹ በገዛ እጃቸው ነው» ብሎ ማለፍ ለእኛ አይዋጥልንም። የመብራት ሒሳብ ተነጋግረው የሚከፋፈሉት ነገር ነው። ኪራይ የሚቀበል ሰው ለክፍሉ አየር መግቢያ የማውጣት ግዴታ አለበት ብለን እናምናለን።

ስለ አራሶችም እናቶቻችን ይስሙን። አራሷን ብርድ እንዳይመታት፣ ሕፃኑም ሲታጠብ እንዳይበርደው ተብሎ በር ተዘግቶ ከሰል ይነዳል። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ደግሞ ይህ ጋዝ ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚጎዳቸው ናቸው። ውሃው ውጭ ይሙቅ። ለአራሷ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግሯ ሥር ማድረግ ከማንደጃ ይሻላል።

ማንደጃ አትሙቁ አንልም፣ ብንልስ ማን ይሰማናል! የሚሞቀው ግን ነቅተው፣ መስኮት ተከፍቶ፣ በሩም ገርበብ ብሎ ነው። ለመኝታ ሲታሰብ ማንደጃው ከደጅ ይውጣ፣ ከአጥርና ከበር ራቅ ይበል።

በጢሱ የታፈነ ሰው ከተገኘ ሎሚ ማሽተትና ወተት ማጠጣት ይቅር። ሎሚ ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተት ማፍሰስ ደግሞ ያንቀዋል። መጀመሪያ በርና መስኮት መክፈት፣ ሰውየውን ጎትቶ ወደ አየር ማውጣት፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ የሚሰጠው ኦክስጂን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና አደጋ 939 ነው።

ኮሚቴው ከጥቅምት 15 ጀምሮ በየግቢው እየዞረ መስኮት የሌላቸውን ክፍሎች ከባለቤቶቹ ጋር ያያል። ስንዝር ያህል ቀዳዳ አንድ ከላይ፣ አንድ ከታች እንዲወጣ እንጠይቃለን። ይህ ለማብሰያ ሰዓት ነው፤ ቀዳዳ ወጣ ተብሎ ማንደጃ አይታደርም። ግንበኛ የሆኑ አባሎቻችን አቅም ለሌለው ያለ ክፍያ ሊሠሩ ቃል ገብተዋል። መሮና መዶሻ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ የወሰደ በማግስቱ ይመልስ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት