የወደቀው የትኛው ነው?

የኳንተም ትምህርት በተነሣ ቁጥር፥ «ተፈጥሮ ዕጣ ጣይ መሆኗ ተረጋግጧል፤ ነገር ሁሉ በምክንያቱ ይወሰናል ማለት ቀርቷል» የሚለው ቃል እንደ ዳዊት ሲደገም እንሰማለን። ጆን ቤል በ1964 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ከጻፈው ወዲህማ ክርክሩ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ ይህን አንቀበልም።

አንድ ጥንድ ጫማ ለያይተን አንዱን ወደ ምሥራቅ፥ ሌላውን ወደ ምዕራብ ብንልክ፥ የምሥራቁን ከፍቶ ግራ ያገኘ ሰው የምዕራቡ ቀኝ መሆኑን ወዲያው ያውቃል። ጫማው ከመነሻውም ግራና ቀኝ ነበርና የሚደነቅ የለም። አይንስታይን ከፖዶልስኪና ከሮዘን ጋር በ1935 ስለ ጥንድ ቅንጣቶች የተከራከረው በዚሁ መንገድ ነው። ቤል ግን ሒሳብ ይዞ ቀረበ። በየዳርቻው ያለው መርማሪ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱን እንደ ፈቀደ ቢመርጥ፥ መልሳቸውን እንደ ጫማው ይዘው የወጡ ቅንጣቶች ስምምነታቸው፥ በ1969 በተቃናው ቀመር ሲለካ፥ ከ2 አያልፍም፤ የኳንተም ሒሳብ ግን እስከ 2.83 ያደርሰዋል። ፍሪድማንና ክላውዘር በ1972፥ አስፔና ጓደኞቹ በ1982 የቤል ወሰን መጣሱን አሳዩ። በ2015 በሆላንድ አገር በዴልፍት፥ 1.3 ኪሎ ሜትር በተራራቁ ሁለት ቤተ ሙከራዎች መካከል 2.42 ተገኘ።

እንግዲህ የወደቀው፥ በምሥራቅ የተደረገው በምዕራብ ያለውን በዚያው ቅጽበት አይነካውም የሚለው እምነት ነው እንላለን። (በዚህ መልእክት መላክ ግን አይቻልም። የመርማሪው ምርጫ ራሱ ከቅንጣቱ ጋር አስቀድሞ የተዶለተ ነው የሚሉም አሉ፤ ይህ ምርመራን ሁሉ ከንቱ የሚያደርግ መሸሻ ይመስለናል።) ምክንያት ውጤትን ይወስናል የሚለው አልወደቀም። ምስክራችን ዴቪድ ቦም ነው። በ1952 ባወጣው ንድፈ ሐሳብ የእያንዳንዱ ቅንጣት መንገድ የተቆረጠ ነው፤ ሆኖም የሙከራ ውጤቱ ከተለመደው ኳንተም አይለይም። ዕዳም አለበት፤ ሩቁን ከቅርቡ ባንድ ጊዜ ስለሚያስተሳስር ከሬላቲቪቲ ጋር ማስታረቁ ከባድ ነው። ቤልን ወደ ጥያቄው የመራው ይኸው ሥራ መሆኑን ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

የሚያስቆጨን ሌላም አለ። ፎን ኖይማን በ1932 እንዲህ ያለ ንድፈ ሐሳብ ሊኖር አይችልም የሚል ማረጋገጫ ጻፈ። ግሬቴ ኸርማን የተባለች ጀርመናዊት በ1935 ቀዳዳውን አሳየች፤ የሰማት ግን እምብዛም አልነበረም። ቤል ያንኑ ቀዳዳ አሳይቶ የጻፈው ሲታተም 1966 ሆነ። ያን ያህል ዘመን የታላቅ ሰው ስም እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ኖረ።

የምንጠይቀው ቦም አሸነፈ ተብሎ እንዲሰበክልን አይደለም፤ ሁለቱ ሒሳቦች ጎን ለጎን በሰሌዳው ላይ ይጻፉልን ነው። በፈተና ላይም «ቤል ዲተርሚኒዝምን አፈረሰ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ የሚያገኝበት ምክንያት አይታየንም።