ታፔቱ ከመቀየሩ በፊት

አንድ ሞተር «ጠቅ ጠቅ» ካለ ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ታፔቱ አልቋል፣ ይቀየር!» እንደ እኔ አስተያየት ይህ የመለዋወጫ ነጋዴ እንጂ የመካኒክ መልስ አይደለም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣችውን ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ስፖርት መኪና እንውሰድ። 1.6 ሊትር ሞተሯ 16 ቫልቮች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ቫልቭ አንድ፣ በጠቅላላው 16 የሃይድሮሊክ ታፔቶች ማለት ነው። በተለይ ብዙ ቆማ ስትነሳ በዚሁ የታፔት ድምፅ ትታወቃለች።

ለምን? በታፔቱ ውስጥ ትንሽ ፒስተን፣ ስፕሪንግና ዘይት እንዳይመለስ የምትዘጋ ኳስ አለች። የታፈነ ዘይት ስለማይጨመቅ በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ክፍተት አይኖርም። ያረጀ ዘይት ዝቃጭ ቀዳዳውን ሲደፍን ወይም ኳሷን ሲይዛት ግን ታፔቱ ዘይት መያዝ ያቅተዋል፤ ክፍተት ይፈጠራል፣ ይንኳኳል። ታዲያ ይሄ ዕቃ ቆሸሸ እንጂ መች አለቀ?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። በመጀመሪያ የዘይቱ መጠንና ግፊት ይለካ፤ ግፊቱ ከወረደ ችግሩ ከታፔት የከፋ ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየር፣ መኪናዋም ትነዳ። ድምፁ ካልጠፋ ታይሚንግ ቺንጋውና ካምሻፍቶቹ ይውረዱ። እያንዳንዱ ታፔት ወደ ራሱ ቤት መመለስ ስላለበት ቁጥር ይሰጠው። ከዚያ በነጭ ጋዝ ይታጠብና ንጹሕ ዘይት ውስጥ ተነክሮ አየሩ እስኪያልቅ ይጫን። ታጥቦም ዘይት የማይዘው ወይም ፊቱ የተበላው ብቻ ይቀየር።

«ጊዜ ይፈጃል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። እውነት ነው፣ ይፈጃል። ማዝዳ ራሱም ለ1999 ሞዴል በሠራው 1.8 ሊትር ሞተር ላይ ሃይድሮሊኩን ትቶ በሺም የሚስተካከል ታፔት ገጥሟል። ነገር ግን የዘይቱን ነገር ሳያዩ 16 አዲስ ታፔት መደርደር ምን ይጠቅማል? ያው ዝቃጭ አዲሱንም ይደፍነዋል፤ ባለ መኪናውም ለአንድ በሽታ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ነገ ተመርቀን ስንወጣ ደንበኛ የሚያምነን በፈታነው ብሎን ብዛት አይደለም። እስቲ በወርክሾፕ ፈተናችን ላይ መፍታትና መግጠም ብቻ ሳይሆን «ለምን ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄም ማርክ ይያዝለት!