በተሸነፈ ቡድን ላይ ስለ መፍረድ

የሰው ጠባይ የሚታወቀው ባሸነፈ ጊዜ ነው የሚሉ አሉ፤ በተሸነፈ ጊዜ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከሁለቱም ይልቅ ሰውን ገልጦ የሚያሳይ ሌላ ሰዓት አለ እላለሁ። ይኸውም የሚወደው ሰው ተሸንፎ ሲመለስ፣ በዚያ ሰው ላይ የሚፈርድበት ሰዓት ነው። ያሸነፈ ሁሉ ወዳጁ ብዙ ነው፤ በወደቀ ዛፍ ግን ምሳር ይበዛበታል። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ነገር የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነውና፣ እያፈርኩም ቢሆን እነግርሃለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ከናይጄሪያ ጋር ይጫወት ነበር። ናይጄሪያ ከስምንት ወር በፊት የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣች አገር ናት። የኛ ቡድን ግን ለዓለም ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳ ደርሶ የማያውቅ፣ ወደ አፍሪካ ዋንጫም ከ31 ዓመት በኋላ ገና ባለፈው ጥር የተመለሰ ነበር። እኔም የዐሥራ ሁለት ዓመት የወንድሜን ልጅ ይዤ ከማለዳ ጀምሮ ተሰልፌ ገባሁ። ከዕረፍት በኋላ በኃይሉ አሠፋ ጎል አገባና ስታዲዮሙ በእልልታ ተናወጠ። ለዐሥር ደቂቃ ያህል ዓለም የኛ መሰለን። ከዚያ በኋላ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አንዱን መለሰ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 1 ተሸነፍን።

ፊሽካው ሲነፋ እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጥፋቱ የእርሱ ነው ያልኩትን ተከላካይ በስሙ እየጠራሁ፣ በወረቀት ላይ ላሰፍረው የማይገባኝን ስድብ ሰደብኩት። ከአንድ ሰዓት በፊት ያንኑ ልጅ «ጀግናዬ!» እያልኩ ስጮኽለት ነበር። የወንድሜ ልጅ እጄን ይዞ ዝም አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ብዙ ከሄድን በኋላ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ እኔም አድጌ ስጫወት ብሳሳት እንደዚህ ይሰድቡኛል?» አለኝ። የምመልስለት ነገር አጣሁ።

በማግስቱ በሠፈራችን ቡና ቤት የተቀመጡት ሁሉ ስለ ጨዋታው ይፈርዱ ነበር። ዝም ብዬ ሳዳምጥ ፈራጆቹ በሦስት ወገን ተከፍለው አገኘኋቸው። አንደኛው ወገን ተሳዳቢ፣ ሁለተኛው ሰበበኛ፣ ሦስተኛው ደላይ ነው። ሦስቱም አገራቸውን እንወዳለን ይላሉ። እኔ ግን ሦስቱም ቡድኑን ይጎዱታል እላለሁ፤ ምክንያቴንም እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ተሳዳቢው፣ «ድሮም የኛ ነገር እንዲህ ነው፤ ኳስ ለኛ አልተፈጠረችም» ይላል። ይህ ሰው የትናንቱን አንድ ቀን አይቶ በመቶ ዓመት ላይ የሚፈርድ ነው። እስቲ ታሪክ ይጠየቅ። በ1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ፣ ግብፅ በፍጻሜው ጨዋታ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ እንደገና ተገናኙ፤ እንደገናም 4 ለ 0 ተሸነፍን። ያን ጊዜ የነበረው ተሳዳቢ፣ «ስምንት ጎል ገብቶብን አንድ እንኳ ያላገባን ሰዎች ምን ተስፋ አለን?» ብሎ ቢሆን ኖሮ፣ ከዛሬው ተሳዳቢ ይልቅ ማስረጃ ነበረው። ነገር ግን ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲዮም ያችው ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ፣ ሁለት ጊዜ ደረስንባት፤ በተጨማሪው ሰዓትም 4 ለ 2 አሸነፍናት። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከመጀመሪያው ሽንፈት እስከዚያ ድል ድረስ አምስት ዓመት ብቻ ነው። ተሳዳቢ ሆይ፣ አንተ አምስት ዓመት ቀርቶ አምስት ቀን መታገሥ አልቻልክም።

ሰበበኛው ደግሞ ተጫዋቾቹን አይሰድብም፤ ነገር ግን ለሽንፈቱ ከሜዳው ውጭ ጥፋተኛ ይፈልጋል። «አንዲቱ ኳስ መስመሩን አልፋ ነበር፤ ዳኛው ከለከለን፤ ዕድላችን ነው» ይላል። ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሰበበኛው ዕድልን የሚያስታውሳት ፊቷን ባዞረች ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን የምድባችን መሪ የሆንነው፣ አንዱን ጎል ጌታነህ ከበደ አግብቶ፣ ሁለተኛውን ግን የተጋጣሚያችን ተጫዋች በራሱ መረብ ውስጥ አግብቶልን ነው። ያን ቀን «ዕድል ነው» ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ሁላችንም «ጉብዝና ነው» አልን። በዚያው ወር ደግሞ ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፍናት በኋላ፣ በካርድ የታገደ ተጫዋች አሰልፋችኋል ተብሎ ሦስት ነጥብ ተወስዶብናል። እዚያ ላይ የጎደለው እግር አይደለም፤ መዝገብ አገላብጦ የሚያይ ዓይን ነው። ሰበበኛው ግን ሰማይ ሰማዩን ስለሚያይ በጠረጴዛ ላይ ያለውን ወረቀት አያይም።

ሦስተኛው ደላይ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው እርሱን ነው፤ ንግግሩ ጣፋጭ ነውና። «በክብር ተሸነፍን፤ የአፍሪካን ሻምፒዮን አስጨነቅናት፤ ይህ ይበቃናል» ይላል። በእርግጥም ከተነገረው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። ባለፈው ጥር በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ምድባችን ውስጥ ዛምቢያ፣ ቡርኪና ፋሶና ናይጄሪያ ነበሩ። ዛምቢያ የቀደመው ዓመት ሻምፒዮን ነበረች፤ ሁለቱ ደግሞ በዚያው ውድድር ለፍጻሜ የደረሱ ናቸው። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያም 2 ለ 0 ተሸነፍን። በጥር አንድ ጎል እንኳ ያላገባንባትን ናይጄሪያ በጥቅምት መርተናት ነበር። እንግዲህ ቡድኑ ማደጉን የሚክድ ዕውር ነው። ነገር ግን ያደገ ልጅ ሁሉ የሚማረው ገና አለው። ደላዩ «ይበቃናል» ሲል ልጁን ከትምህርት ቤት ማስወጣቱ ነው። የሚሰድብ አባት ልጁን ያስኮበልላል፤ የሚያሞላቅቅ አባት ደግሞ ቤት አስቀምጦ ያበላሸዋል።

እንግዲህ እንዴት ያለ ፍርድ ይገባል? ለሚወደው ነገር በእውነት የሚፈርድ ሰው አስቀድሞ ይቈጥራል። እኔም ያን ሰኞ ከቡና ቤቱ ወጥቼ ቤቴ ገባሁና በእርሳስ ቈጠርኩ። ናይጄሪያ በጥርና በጥቅምት በሁለት ጨዋታ አራት ጎል አገባችብን። ከአራቱ ሦስቱ በፍጹም ቅጣት ምት የገቡ ናቸው፤ ሦስቱም በመጨረሻዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ውስጥ ናቸው። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። ስለዚህ ነገሩ «ኳስ ለኛ አልተፈጠረችም» አይደለም፤ «ዳኛው ነው» ብቻም አይደለም፤ «ይበቃናል»ም አይደለም። ነገሩ ይህ ነው፦ ልጆቹ ሰማንያ ደቂቃ ከማንም ጋር እኩል ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ እግር ይደክማል፤ እግር ሲደክም ዓይን ይዘገያል፤ የዘገየ ተከላካይ ደግሞ በገዛ ጎሉ ፊት ሰውን ይጠልፋል። ይህ እርግማን አይደለም። በልምምድ፣ በምግብ፣ በዕረፍትና በትምህርት የሚቃና ጉድለት ነው። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን ይህን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ እኔም ከጯኺዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ያልተመረመረ ጉድለትም ቀጠሮ አክባሪ ነው። ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. በካላባር በተደረገው የመልስ ጨዋታ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ የመጀመሪያው ጎል የገባው እንደገና በፍጹም ቅጣት ምት ነበር። በጥር ወር በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በተዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ጎል ሳናገባ ተሸነፍን። ከዚያም ቡድኑን ለዚያ ደረጃ ያበቁት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ፤ የውጭ አገር አሠልጣኝም መጣ፤ እርሱም ብዙ ሳይቆይ ሄደ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ እንደገና የተመለስነው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የደረሰው በእኛ ስድብ ምክንያት ነው አልልም፤ እንዲህ ብል እኔም ሰበበኛ እሆናለሁ። ነገር ግን ሕዝብ በየቀኑ «አፍርሱት!» እያለ ሲጮኽ፣ ግንበኛ ተረጋግቶ ሊገነባ አይችልም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፤ እኛ ደግሞ እያፈሰስን ዘጠኝ ዓመት ስንለቅም ኖርን።

«ገንዘቤን ከፍዬ ገብቻለሁና የወደድኩትን እናገራለሁ» የሚለኝ አይጠፋም። ወዳጄ ሆይ፣ የከፈልከው ጨዋታውን ለማየት ነው፤ የልጁን ክብር አልገዛህም። ወደ ሐኪም የሄደ ሰው ገንዘብ ስለ ከፈለ ሐኪሙን አይሰድብም። ደግሞስ ያ ሜዳ ላይ የወደቀው ልጅ ማን ነው? በየሠፈሩ በጨርቅ ኳስ፣ ድንጋይ ጎል አድርጎ የተጫወተ፣ ጫማውን ስንት ጊዜ አሰፍቶ እዚያ የደረሰ የጎረቤትህ ልጅ ነው። «ተከላካዩ በዚህ ቦታ ተሳስቷል፤ እንዲህ ቢያደርግ ይሻለው ነበር» ማለት መብትህ ነው፤ እንዲያውም ግዴታህ ነው። «ከንቱ ነው» ማለት ግን ፍርድ አይደለም፤ ሐዘንህን በሌላው ትከሻ ላይ ማራገፍ ነው።

ወጣት ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ ስለ ኳስ ብቻ አይምሰልህ። ነገ በፈተና በአንድ ነጥብ ትወድቅ ይሆናል፤ የጀመርከው ሥራም ሊቃና ጥቂት ሲቀረው ይሰበር ይሆናል። ያን ጊዜ እነዚያ ሦስቱ ፈራጆች በገዛ ልብህ ውስጥ ይነሣሉ። አንዱ «ድሮም አትረባም» ይልሃል፤ ሁለተኛው «መምህሩ ጠልቶህ ነው» ይልሃል፤ ሦስተኛው «ይህን ያህል መድረስህም ይበቃል» ይልሃል። ሦስቱንም አባርራቸውና እርሳስ አንሣ፤ የት ላይ እንደ ጎደለህ ቍጠር፤ በማግስቱም ከዚያው ከጎደለህ ቦታ ጀምር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ለወንድሜ ልጅ መልስ የሰጠሁት በሳምንቱ ነው። ከቤታችን በታች ባለው ሜዳ ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ቆሜ አየሁት። ባዶ ጎል ስቶ ቀና ሲል በመጀመሪያ ያየው ጓደኞቹን አይደለም፤ እኔን ነበር። ዓይኑ ፍርድ ይጠብቅ ነበር። «ሚዛንህን ሳትጠብቅ መታሃት፤ ግራ እግርህን አስቀድመህ አጽና፤ እንደገና ሞክር» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ወደ ጨዋታው ሮጠ። ከዚያ በኋላ ያችን ኳስ አገባት አላገባት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እኔ ግን ያን ዕለት እሑድ ለዚያ ተከላካይ ልለው ይገባኝ የነበረው ቃል ይህ እንደ ነበረ ዐወቅሁ።